የተምች ቆጠራ

ማረው በዕድሜው ሙሉ ለመንግሥት ሰው ትክክለኛ ቁጥር ነግሮ አያውቅም። ሰውየው አባይ ሆኖ አይደለም። ጎረቤቱን አታሎ አያውቅም፤ ለሽምግልና ሲቀመጥ ቃሉ ይሰማል። ነገር ግን እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ መንደራቸው ቁሐር ሚካኤል ብቅ ሲል የማረው በሬዎች ድንገት አማቶቹን ለመጠየቅ ይሄዳሉ፣ ላሚቱ ጎረቤት በረት ገብታ የሰው ላም ትሆናለች፣ ጎተራ ውስጥ ስላለው ሩዝም ሚስቱ አምሳል "ለዘር የሚሆን እንኳ አጣን" ብላ እንባ ባቀረረ ዓይን ታወራለች። አባቱ እንዲህ ነበር፤ አያቱም እንዲሁ። ለምን እንደሚቆጠር ጠይቀው አያውቁም፤ መጠየቅ አያስፈልግማ! ቆጠራ ካለ ከኋላው የሚመጣ ነገር አለ፤ ግብር ይሁን፣ መዋጮ ይሁን፣ የመሬት ሽንሸና ይሁን፣ ያ የሚመጣ ነገር ደግሞ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም።

ስለዚህ ሰኔ መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ ወረታ ከተማ የተመደበች ናፍቆት የምትባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሞተር ብስክሌቷን በጭቃው እየጎተተች መጥታ "ቆጠራ ልንጀምር ነው" ስትል የማረው ጆሮ ቆመ።

"ምኑን ነው የምትቆጥሩ?"

"የእሳት ራት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ማረው አልሳቀም። በሬ የሚቆጥር መንግሥት ለምን እንደሚቆጥር ይገባዋል። የእሳት ራት ለመቁጠር ከአዲስ አበባ ድረስ የተማረ ሰው የሚልክ መንግሥት ግን አንድ ትልቅ ነገር እንደደበቀ ጥርጥር የለውም።

ናፍቆት ከሞተሯ ላይ ክዳኑ አረንጓዴ የሆነ የፕላስቲክ ባልዲ አወረደች። ወጥመድ ነው አለች። ከባሕር ማዶ የመጣው መጤ ተምች በቆሎ የሚጨርስ ትል ከመሆኑ በፊት የእሳት ራት ሆኖ ሌሊት ሌሊት እንደሚበር፣ ባልዲው ውስጥ የሴቷን ሽታ የሚመስል ማማለያ እንዳለ፣ ወንዶቹ ተታለው እንደሚገቡ አስረዳች፤ የትሉንም ፎቶ አሳየች። በየሳምንቱ እየመጣች የገባውን ትቆጥራለች።

"ስንት ቢገባ ነው ለእናንተ የሚሻላችሁ?" አለ ማረው።

"ለእኛ አይደለም ጋሼ ማረው። ብዙ ከተያዘ ተምቹ ሊፈላ ነው ማለት ነው። መንግሥት ዘንድሮ ለዚህ መከላከያ በጀት መድቧል፤ መድኃኒቱም መርጫውም ወጥመዱ ብዙ ወደ ያዘበት ቦታ ቀድሞ ይሄዳል።"

"ብዙ ላለው ይሰጠዋል ነው የምትይኝ?"

"እንደዚያ ነው።"

ማረው ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ላለው የሚጨምር መንግሥት በዕድሜው አላየም። የሚያውቀው ብዙ ካለው ብዙ የሚወስደውን ነው። ልጅቷ ፊቷ የዋህ ይመስላል፤ እሱም ቢሆን አላጽናናውም፤ የሚልኩት ሁልጊዜ የዋህ የሚመስለውን ነውና።

ባልዲው የተተከለው በማረው እኅት በሰገን የበቆሎ ማሳ ዳር ነበር። ሰገን ባሏ ከሞተባት ቆየ። መሬቷ ከሜዳው ከፍ ብሎ ውኃ የማይተኛበት ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው ሩዝ አይዘራበትም፤ ያላት በቆሎ ብቻ ነው። ማረው በበሬዎቹ ያርስላትና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ከድርሻዋ ትበላለች፤ ከዚያው ላይ ሸጣም ወረታ ቤት ተከራይታ ለምትማረው ልጇ ለመሠረት ትልካለች። መሠረት በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። በቆሎው ከከሸፈ ልጅቱ ደብተሯን ዘግታ ትመለሳለች። ይህን ለማረው የሚነግረው ሰው አያስፈልግም፤ ስሟን ያወጣላት እሱ ነው።

"ባልዲውን ማን ይጠብቅልኛል?" አለች ናፍቆት። "ከብት እንዳይገፋው፣ ሰው እንዳይነካካው።"

"ወንድሜ አለልሽ፤ እሱ የያዘውን ነገር ነፋስም አይነካው" አለች ሰገን፤ ስትናገር ኩራቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ማረው ባልዲውን ዞሮ ዞሮ አየው። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፤ ምንም አይሸትም። ለሰው የማይሸት፣ ለእሳት ራት ብቻ የሚሸት ነገር! ደግሞስ በየሜዳው ያለውን ወንድ ሁሉ የሚጠራ ከሆነ፣ የሚጠራው ወደ ማን በቆሎ ነው? እንዲሁ ባልዲ ወደ ተተከለበት ጎረቤቱ ወደ እዮብ ሄደ። እዮብ ወረታ ሻይ ቤት ያልሰማው ወሬ የለም።

"አልሰማህምና ነው" አለው እዮብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብዙ የተገኘበትን ማሳ በቆሎውን ነቅለው ያቃጥሉታል አሉ። ወደ ሌላው እንዳይዛመት።"

"ማን አለ?"

"አንድ ሹፌር። በዓይኑ ያየ ሰው የነገረው።"

ማረው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። መጀመሪያ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ያቃጥላሉ፣ ከዚያ መሬቱ ባዶ ነው ብለው ለባለሀብት ይሰጡታል። ባልዲ በነጻ የሚሰጥ ማን አለ?

በመጀመሪያው ሳምንት ናፍቆት በምትመጣበት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ጉድ ፈላ! ባልዲው በግራጫ ክንፍ ታጭቋል። የሞተው ከታች ተነባብሯል፣ ያልሞተው ከላይ ይንፈራገጣል። ማረው ዙሪያውን ቃኘና በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አራገፈው። ሁሉንም አላራገፈም፤ ጠቅላላውን ባዶ ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው። ቆጣሪ ሲመጣ በረቱ ውስጥ አንዲት የከሳች ጥጃ መቆም አለባት፤ አለዚያ ሰው ይጠረጥራል። ለዓይን ያህል ሁለት ሦስት ትቶ የቀረውን ለዶሮዎቹ በተነላቸው። ዶሮዎቹ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቁም።

ናፍቆት መጥታ ቆጠረች። ማማለያውን አወጣች፣ አየችው፣ መለሰችው። ቀና ብላ ማረውን አየችው።

"ማንም አልነካውም?"

"ማን ይነካዋል? ሰገን አልነገረችሽም፤ እኔ አይደለሁ የምጠብቀው?"

"ሌላው ቦታ እየሞላ ነው፤ የእናንተ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው።"

"ሚካኤል ጠብቆን ይሆናል" አላት። በሆዱ ግን ሳቀ። መንግሥትን ያህል ነገር በዶሮ ማሸነፍ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ያን ቀን እራቱን ሲበላ ለአምሳል ሁለቴ ደጋግሞ አወራላት። እሷም "ለሰገንስ ነገርሃት?" አለችው። አልነገራትም። ሰገን የሆዷን ስትጠየቅ ትናገራለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ሆዷ አይችልም። በየሳምንቱም እንዲሁ ቀጠለ።

ሐምሌ ሲጋመስ ሰገን ከበቆሎዋ መሃል ሆና ጠራችው። አጠራሯ አላማረውም። ሲደርስ የአንዱን በቆሎ አንገት ገልጣ አሳየችው። መሃሉ ላይ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ውስጡ እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ባለ ኩስ ተሞልቷል። ኩሱን በጣቷ ጫረችው። ከሥሩ ግንባሩ ላይ የተጣመመ ነጭ መስመር ያለበት ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ይኸ ነገር ያች ልጅ ያሳየችን ትል አይደለም?"

"ሁሉም ትል ይመሳሰላል" አለ ማረው።

"ግንባሩን እየው እንጂ። ያው ነው። ባልዲው ግን ባዶ ነው ትላለች። እንዴት ሁኖ ነው?"

"ባልዲውማ ምን ያውቃል። የመንግሥት ባልዲ።"

ሰገን አመነችው። ሁልጊዜ ታምነዋለች፤ ይኸ ነው ችግሩ። ማረው ያን ቀን ከእሷ ጋር እስኪመሽ ድረስ ትል ለቀመ፣ በየበቆሎው አንገት አመድና አፈር ነሰነሰ። በማግስቱም ለቀመ። ባንድ በኩል የለቀሙት በሌላ በኩል ይፈላል። እጁ ትሉን እየጨፈለቀ ልቡ ባልዲው ጋ ነበር። ልተወው ይሆን? የዚህን ሳምንት ሳላራግፍ ብተወው? ግን እስካሁን ሁለት ሦስት ይገኝበት የነበረ ባልዲ ድንገት ሞልቶ ቢታይ ልጅቷ ምን ትላለች? ያለፈው የት ሄደ አትልም? ደግሞስ ሞልቶ ካየች በኋላ ክብሪት ይዛ ብትመጣ? በትል የተበላ በቆሎ ይሻላል፤ ግማሹ ይተርፋል። የተቃጠለ በቆሎ ምኑም አይተርፍ። እንዲህ እያለ ራሱን አሳምኖ ዶሮዎቹን እንደገና ቀለበ። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ግን ብልሃት ብሎ ጠራው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ስብሰባ ተጠራ። ዝናቡ ለአፍታ አባርቶ ሰዉ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተሰበሰበ። እንግዳው የሚባለው የጎጡ መሪ ከዘራውን ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ አንዱ ባልዲ እሱ ማሳ ላይ ነው። ናፍቆት ቆማ ተናገረች።

"ውሳኔው መጥቷል። የመጀመሪያው ዙር መድኃኒትና የርጭት ቡድን ወደ ደራ ወረዳ፣ ወደ አንበሳሜ በኩል ይሄዳል። እዚያ ወጥመዶቹ ሞልተዋል። የእናንተ ወጥመዶች የያዙት ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ለጊዜው አልተካተታችሁም። በእውነቱ ደስ ሊላችሁ ይገባል።"

ደስ ያለው ሰው ግን አልታየም። ማረው ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ወደ አንበሳሜ የሚሄደው ክብሪት ሳይሆን መድኃኒት ነው? እንግዲያው ልጅቷ መጀመሪያ የነገረችው ቃል በቃል እውነት ኖሯል?

ሰገን ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። በክንዷ የተበሉ የበቆሎ አገዳዎች ታቅፋለች።

"ይኸስ ምንድን ነው ልጄ?"

ናፍቆት አገዳዎቹን ተቀብላ ገላለጠች። ፊቷ ጠቆረ።

"ተምች ነው። ግን በዚህ ብቻ በጀት አዙሩልኝ ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ የጎጡ ወጥመዶች ሁሉ ሌላ ነው የሚናገሩት። ወጥመድ ደግሞ ሰው ካልነካው አይዋሽም።"

"ሰው?" አለች ሰገን፤ ድምጿ ተለወጠ። "የኔን የጠበቀው ወንድሜ ነው። ወንድሜ ነካው ነው የምትይኝ? በሉ እንግዲህ ይኸው፣ ሚካኤል ደጅ ቁሜ..."

ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች፤ ቀኝ እጇን አነሣች። እኅቱ ለእሱ ብላ በማታውቀው ነገር፣ በሐሰት፣ በሚካኤል ልትምል ነው።

"ሰገን! አትማይ!"

ሳያስበው ተነሥቶ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"እኔ ነኝ ያራገፍሁት" አለ።

"ምኑን?"

"የእሳት ራቱን። ልጅቱ በምትመጣበት ቀን ጧት ጧት። ይሞላ ነበር፤ ለዶሮ ሰጠሁት። በቆሎውን ያቃጥሉታል ሲሉ ሰምቼ ነው።"

ጩኸት ይነሣል፣ ይሰድቡኛል፣ ድንጋይም ይወረወር ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እንግዳው በከዘራው ጫፍ ጭቃ መጫር ጀመረ። እዮብ ጋቢውን አስተካከለ፤ ምንም ሳይኖርበት ደግሞ አስተካከለው። ባልዲ የተተከለለት ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ማረው አንዱን ከሌላው እያየ ቆየና ነገሩ ገባው። ለካ የዚህ ጎጥ ዶሮ ሁሉ ክረምቱን የከረመው በአንድ ቀለብ ነው!

"እዮብ፣ ተናገር እንጂ" አለ። "አንተስ?"

"እኔ ምን አውቄ! የኔ ከመጀመሪያም ባዶ ነው።"

"እንግዳው? አንተ መሪ ነህ፤ አንተስ?"

እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። "ማረው፣ የራስህን ተናገርህ፤ የሰውን ተው" አለ።

ናፍቆት ማረውን ትኩር ብላ አየችው። ያየችው እሱ ባልዲውን ባየበት ዓይን ነበር።

"ጋሼ ማረው፣ አይቀየሙኝ። እኔ ሳምንት ሳምንት እየመጣሁ ስጠይቅዎ ማንም አልነካውም አሉኝ። ዛሬ መድኃኒት ወደ ሌላ ቦታ ሄደ ስል ሞልቶ ነበር ይሉኛል። አምና በሌላ ቦታ እንዲህ ብለውኝ አምኜ መድኃኒት አመጣሁ፤ ገበያ አውጥተው ሸጡት። በየትኛው አገር ነው የእሳት ራት የሚደብቅ ሰው ያለው?"

ማረው እውነት ለመናገር ልምድ የለውም። ለመንግሥት ሰው የነገረው የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ እሱም ውሸት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያመነችው አንዲት ሰው ሰገን ብቻ ነበረች። ያነሣችውን እጅ ቀስ አድርጋ አወረደች፣ አገዳዎቿን ሰብስባ ታቀፈች፣ በሰዉ መሃል አልፋ ሄደች።

ናፍቆትን መውቀስ አይቻልም። ባታምነውም በማግስቱ መጥታ ባልዲውን በአዲስ ቁልፍ ዘጋችው፤ በሳምንቱ ስትከፍተው እስከ አፉ ሞልቶ አገኘችው። ያን ጊዜ ሞተሯን አስነሥታ ወደ ወረታ በረረች፣ ደጅ ጠናች፣ ለመነች። መድኃኒቱ በመጨረሻ መጣ። ሲመጣ ግን የሰገን በቆሎ ቆሞ የደረቀ አገዳ ሆኗል፤ የያዘውም ራስ ቢሆን ፍሬው እንደ አሮጊት ጥርስ እዚህም እዚያም ነው። መንግሥት ዘገየ ማለት ለወጉ ያምራል። የዘገየው ማረው ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሰገን አልተጣላችውም። ሲያገኛት ሰላም ትለዋለች፣ አምሳልን እንዴት አደረች ትላለች። ማረው ይህን እንደ ይቅርታ ወሰደው። ሰው እንዲህ ነው፤ ሲቸግረው ሰላምታንም ይቅርታ ነው ይላል።

ጥቅምት ላይ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ የከሸፈውን በቆሎ መሬት ገልብጦ ሽምብራ ሊዘራላት አሰበ። ድርሻውንም እንደማይወስድ ወስኖ ነበር። ሙሉውን ለእሷ ይሰጣታል፣ መሠረትም ትማራለች፣ ነገሩም ይረሳል። ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ሲደርስ ማሳው ላይ የሰው በሬ አገኘ። ሁለት የማያውቃቸው እርፍ የያዙ ቅጥረኞች ያርሳሉ። ዳር ላይ አለኸኝ የሚባል ወረታ የሚኖር የሽንኩርት ነጋዴ ቦት ጫማ አድርጎ ቆሟል። ሰገን ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ አለች። ማረውን ስታይ ወደ እሱ መጣች።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"መሬቱን በኮንትራት ሰጥቼዋለሁ። የመሠረትን የቤት ኪራይ ከፈለልኝ።"

"ለባዳ? እኔ እያለሁ?"

"አንተ እያለህ።"

"ሰገን፣ እኔ እኮ የደበቅሁት ከመንግሥት ነው እንጂ ካንቺ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ማሳው ግን የኔ ነበር።"

ማረው እርፉን ጨብጦ ቆመ። "ዘንድሮ ድርሻዬን አልፈልግም" አላት። "ሁሉንም ላንቺ ላደርገው ነበር የመጣሁ።"

"ዘንድሮን ታደርገዋለህ፤ ከርሞስ?" ቁጣ የለባትም፤ ቢኖርባት በቀለለው። "ይኸን ያህል ዓመት ምርት ስንካፈል ቁናውን አንተ ትይዛለህ፣ እኔ ወዲያ ዙሬ ሌላ ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቀን እጅህን አይቼ አላውቅም። ካሁን በኋላ ግን አይሃለሁ፤ እጅህን እያየሁ ነው የምውል። አለኸኝ ቢሰርቀኝ እከሰዋለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ ይወጣልኛል። በወንድሜ ላይ ግን እንደ ቆጣሪ ቁሜ መዋል አልችልም።"

ማረው በሬዎቹን አዞረ። ጥቂት እንደሄደ ነጋዴው "ማነው ሰውየው?" ብሎ ሲጠይቃት ሰማ። እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ጆሮውን ጣለ፤ ሰገን የመለሰችለትን ግን አልሰማም።